«ራን» ሁልጊዜ ሩጫ አይደለም፦ ብዙ ፍች ያላቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ለመማር የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በሞጣ ወይም በቢቸና ገጠር ስምንተኛን ጨርሶ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ተማሪ «ፓወር» ኃይል ማለት መሆኑን ያውቃል። ፊዚክስ ላይ ሲደርስ ግን «ፓወር» የተሠራው ሥራ ለወሰደው ጊዜ ተካፍሎ የሚገኝ፣ በዋት የሚለካ መጠን ይሆንበታል። ሒሳብ ላይ 2×2×2 በአጭሩ ሲጻፍ ከ2 ራስጌ በትንሹ የምትቀመጠው 3 «ፓወር» ትባላለች። ታሪክ ላይ ሥልጣንም፣ ኃያል አገርም «ፓወር» ነው። ማታ መብራት ሲጠፋም ጠፋ የሚባለው ይኸው «ፓወር» ነው። ተማሪው ቃሉን አላጣውም፤ ያጣው የትኛው ፍች የት ቦታ እንደሚቆም ነው። «እንግሊዝኛ አልገባኝ አለ» የሚል ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው በረጃጅሞቹ ቃላት ሳይሆን በእነዚህ በአጫጭሮቹ እንደሆነ አምናለሁ። «ፎቶሲንተሲስ» ለአፍ ቢከብድም አንዴ ከተጠና አያታልልም። «ጌት»፣ «ቴክ»፣ «ራን»፣ «ፑት» ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የምናውቃቸው መስለው በየገጹ ሌላ ሆነው ይመጣሉ።

ነገሩ የእኛ ድክመት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 በ20 ቅጽ የወጣው ሁለተኛው እትም የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት «ሴት» ለሚባለው ግስ፣ ከእኛ ሴት ጋር በድምፅ ብቻ ለሚገናኘው ቃል፣ 430 ያህል ፍች ዘርዝሮለት ነበር። መዝገበ ቃላቱ ከዚያ ወዲህ ሲከለስ ደግሞ «ራን» በግስነቱ ብቻ ከ600 በላይ ፍች ተቆጥሮለት ቀዳሚ ሆነ። ጆርጅ ዚፍ የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ቃል በብዛት በተነገረ መጠን ፍቹም ይበዛል። ስለዚህ በየዕለቱ የምታገኟቸው ቃላት ከሁሉ ይልቅ ባለ ብዙ ፍች መሆናቸው የሚጠበቅ ነው። 600 ፍች በቃል ለማጥናት የሚሞክር ሰው ዕድሜው አይበቃውም፤ እንግሊዞቹም በቃላቸው አላጠኑትም።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚያርፉት በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ የቃልን ፍች ከጎኑ የቆሙትን ጎረቤቶቹን ጠይቃችሁ አግኙት።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ በአማርኛ የምታደርጉትን ልብ በሉ

«ጣለ» የሚለውን ግስ ውሰዱ። ዝናብ ጣለ። ዶሮዋ እንቁላል ጣለች። ሰርግ ስላለ ድንኳን ጣሉ። እቁቤን ጣልኩ። ዳኛው ቅጣት ጣለበት። ታጋዩ ባላጋራውን ጣለው። መሠረት ጣሉ። ዕጣ ጣሉ። ገበያ ላይ ገንዘቧን ጣለች። ይህን ሁሉ ማንም ቁጭ ብሎ በዝርዝር አላስጠናችሁም። «ድንኳን ጣሉ» የሚለውን ስትሰሙ ድንኳኑ ወደቀ ብላችሁ አትደነግጡም፤ «ድንኳን» የሚለው ጎረቤት የ«ጣሉ»ን ፍች ወስኖላችኋል። በእንግሊዝኛም የሚያስፈልገው ይኸው ችሎታ ነው፤ ያለንን ችሎታ ወደ ሌላ ቋንቋ ማሻገር ነው።

ጎጃም ላይ ደግሞ ከዚህም የሚበልጥ ስንቅ አለን። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ መንገድ የተሰየመባቸው ስሞች ናቸው፤ ዲማና ደብረ ኤልያስም የሊቃውንት ቦታዎች መሆናቸውን የማያውቅ የለም። ቅኔ የቆጠረ ሰው ኅብረ ቃል ሲሰማ ጆሮው ይቆማል፤ ይህ ቃል ስንት ፊት አለው ብሎ ይጠይቃል። ቀላል ምሳሌ ላቅርብ፦ «መቼ ይመጣል ብላቸው ገና አሉኝ።» አልደረሰም ማለት ነው፤ ለገና በዓል ይመጣል ማለትም ነው። ይህን የጠረጠረ አእምሮ «ባንክ» የሚለውን ሲያነብም የገንዘቡን ቤት ብቻ አያስብም።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ ይህን ልዩነት አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ቅኔ ላይ ሰሙንም ወርቁንም አብራችሁ ትይዛላችሁ፤ ውበቱም እዚያ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ፣ ማስታወቂያ፣ ደብዳቤ ላይ ግን ጸሐፊው የፈለገው አንዱን ፍች ብቻ ነው። መጠርጠሩን ከቅኔ ውሰዱ፤ ከጠረጠራችሁ በኋላ ግን አንዱን መርጣችሁ ሌላውን ልቀቁ።

ደረጃ 1፦ ቃሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ምን ሥራ እንደያዘ ለዩ

በአማርኛ ስምና ግስ በመልካቸው ይለያያሉ። ጻፈ፣ ጽሑፍ፣ ጸሐፊ፣ መጻፊያ፤ ሥሩ አንድ ሆኖ ቅርጹ ራሱ ሥራውን ይነግረናል። እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ይህን አያደርግም። «ቡክ» መጽሐፍም ነው፣ ቦታ አስቀድሞ መያዝም ነው። «ዋተር» ውኃም ነው፣ አትክልት ማጠጣትም ነው። «ሃንድ» እጅም ነው፣ ማቀበልም ነው። «ፌስ» ፊትም ነው፣ መጋፈጥም ነው። «ፓርክ» መናፈሻም ነው፣ መኪና ማቆምም ነው። የእኛ ተማሪ ቃሉ ቅርጹን ስላልቀየረ ፍቹንም አልቀየረም ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ የምታውቁት ቃል እንግዳ ሲሆንባችሁ መጀመሪያ ከፊቱ ያለውን ተመልከቱ። ከፊቱ «ዘ»፣ «ኤ»፣ «ማይ»፣ «ዚስ» ካለ ቃሉ ወይም ከእሱ ቀጥሎ ያለው ስም ነው። ከፊቱ «ቱ»፣ «ካን»፣ «ዊል»፣ «መስት» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ግስ ነው። «ቱ» ወደ ቦታ ሲያመለክት ግን ከኋላው ስም ሊመጣ ስለሚችል ተጠንቀቁ። መጨረሻው ላይ የኃላፊ ጊዜ «ድ» ካለበትም አብዛኛውን ጊዜ የግስ ምልክት ነው። ይህችን ብቻ በማድረግ የብዙ ቃል ግማሽ ፍች ይወገዳል።

አንዳንዶቹ ሥራቸውን ሲለውጡ ድምፃቸውንም ይለውጣሉ፤ ይህ የሚጠቅመው ለንባብ ሳይሆን ለማዳመጥና ለመናገር ነው። «ሬከርድ» ብላችሁ መጀመሪያውን ካጠበቃችሁት መዝገብ ወይም ክብረ ወሰን ነው፤ «ሪኮርድ» ብላችሁ ድምፁን ወደ ኋላ ካሳረፋችሁት መቅዳት ወይም መመዝገብ ነው። በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ተጽፈው ሲነበቡ ጨርሶ የሚለያዩም አሉ፦ «ሊድ» መራ ሲሆን «ሌድ» እርሳስ የሚባለው ብረት ነው፤ «ቲር» እንባ፣ «ቴር» መቅደድ፤ «ዊንድ» ነፋስ፣ «ዋይንድ» መጠቅለል፤ «ሚኒት» ደቂቃ፣ «ማይኒዩት» እጅግ ረቂቅ የሆነ ነገር፤ «ክሎዝ» መዝጋት፣ «ክሎስ» ቅርብ። እኛም «አለ» ብለን ጽፈን ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ብለን እናነባለን፤ ማጥበቂያ ሳይኖር ከዓረፍተ ነገሩ እንለየዋለን።

ደረጃ 2፦ ጎረቤቱን ጠይቁ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉት። ግስ ሲሆን ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ አድራጊው ማነው? የሚደረግበትስ ምንድን ነው? በ«ራን» እንሥራው።

አድራጊው ሰው ወይም እንስሳ ሆኖ ከኋላው ምንም ከሌለ ሮጠ ነው፤ እዚህ ላይ የለመድነው ፍች ይሠራል። አድራጊው ወንዝ ከሆነ ግን ፈሰሰ ነው፤ አባይ ከጣና ወጥቶ «ራንስ» ሲባል ይፈሳል ማለት ነው። አድራጊው ወፍጮ ወይም የውኃ ፓምፕ ከሆነ ይሠራል ነው። አውቶቡስ ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ «ራንስ» ከተባለ በዚያ መስመር ይመላለሳል ማለት ነው። አፍንጫ «ራን» ካደረገ ጉንፋን ነው። የታጠበ ነጠላ ጥለቱ «ራን» ካደረገ ቀለሙ ለቀቀ ነው። መንገድ «ራን» ካደረገ በዚያ በኩል ያልፋል ነው።

አሁን ከኋላ የሚመጣውን እዩ። «ራን ኤ ሾፕ» ሱቅ ማስተዳደር ነው። «ራን ኤ ፊቨር» ትኩሳት ያዘው ነው። «ራን ኤ ቴስት» ምርመራ ማካሄድ ነው። «ራን ኤ ሪስክ» አደጋ ሊደርስ እንደሚችል እያወቁ መግባት ነው።

እነዚህን ሁሉ ስታነቡ በየትኛው ጎረቤት ፍቹ እንደተቀየረ ጣታችሁን ማሳረፍ ልመዱ። ወንዝ፣ ወፍጮ፣ አፍንጫ፣ ሱቅ፤ ቃሉ እንዳለ ነው፣ የተቀየረው ጎረቤቱ ነው። በደብተራችሁ ላይ ሲጻፍም «ራን» ብቻውን አይጻፍ፤ «ራን ኤ ሾፕ» ተብሎ ከነጎረቤቱ ይጻፍ። ቃልን ብቻውን ጽፎ ከጎኑ አንድ የአማርኛ ቃል መደርደር በየትምህርት ቤታችን የቆየ ልማድ ነው፤ እኔ ግን ለእነዚህ ቃላት ይህን ልማድ ተዉት እላለሁ። ዝርዝሩ የሚጠቅመው ለ«ዝሆን» እና ለ«መጋዝ» ነው፤ ለ«ጌት» አይጠቅምም።

ስም ሲሆን ደግሞ ገላጩንና የሚቀጥለውን ቃል ጠይቁ። «ሄድ» ራስ ነው፤ «ሄድ ኦፍ ዘ ፋሚሊ» የቤተሰብ ኃላፊ ነው፤ «20 ሄድ ኦፍ ካትል» ከተባለ 20 የቀንድ ከብት ነው እንጂ 20 የተቆረጠ ራስ አይደለም። «ፉት» እግር ነው፤ «ፉት ኦፍ ዘ ማውንቴን» ከተባለ የተራራው ግርጌ ነው፤ የጮቄ ግርጌ እንደምንለው። ከፊቱ ቁጥር ካለ ደግሞ 30.48 ሴንቲ ሜትር የሆነ የርዝመት መለኪያ ነው።

ደረጃ 3፦ ሥሩን ፈልጉ፤ ሥር ከሌለው ግን አትቆፍሩ

ከላይ ያሉትን የ«ራን» ፍቾች አንድ ላይ አስቀምጣችሁ ብታዩ ሁሉንም የሚያገናኝ ነገር አለ፤ ሳይቋረጥ መንቀሳቀስ ወይም መቀጠል ነው። እግር ሳይቋረጥ ሲንቀሳቀስ ሩጫ ነው፣ ውኃ ሲሆን ፍሰት ነው፣ ሱቅ ሲሆን ሥራው እንዲቀጥል ማድረግ ነው። «ቴክ» ሥሩ ወደ ራስ ማድረግ ነው፦ መድኃኒት «ቴክ» ማድረግ መዋጥ፣ ፈተና «ቴክ» ማድረግ መፈተን፣ ፎቶ «ቴክ» ማድረግ ማንሣት፣ አውቶቡስ «ቴክ» ማድረግ መሳፈር ነው። ሥሩ የገባው ሰው አዲስ ፍች ሲያጋጥመው መገመት ይችላል። ግምቱ ሁልጊዜ ባይሳካም ከባዶ ከመጀመር እጅግ ይሻላል።

በሰውነት ክፍሎች ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። መርፌ በሁለቱም ዓይን አላት፤ ጠረጴዛ በሁለቱም እግር አለው። እንዲህ ሲገጥምላችሁ ሳትፈሩ ተጠቀሙበት።

ግን ምንም ሥር የማይጋሩ፣ በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ድምፅና ፊደል የያዙ ሞክሼ ቃላትም አሉ። «ባት» የሌሊት ወፍ ነው፤ ኳስ መምቻ ዱላም ነው። «ቤር» ድብ ነው፤ መሸከምና መታገሥም ነው። «ባርክ» የዛፍ ቅርፊት ነው፤ የውሻ ጩኸትም ነው። «ማች» ክብሪት ነው፤ ግጥሚያም ነው። እነዚህን ለማገናኘት ታሪክ መፍጠር ጊዜ ማባከን ነው፤ ሁለት ቃል አድርጋችሁ ያዟቸው። ጥሩ መዝገበ ቃላት ሞክሼዎችን ለየብቻ አስገብቶ ከጎናቸው 1 እና 2 የሚል ትንሽ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ያንን ቁጥር ካያችሁ ሥር መፈለጉን ተዉት።

«ባንክ»ም የሩቅ ዘሩ አንድ ቢሆንም ዛሬ ከሞክሼዎቹ ይቆጠራል። ባሕር ዳር ላይ አባይ ድልድይ አጠገብ የወንዙ ዳርቻም «ባንክ» ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው የገንዘብ ቤትም «ባንክ» ነው። «ልጆቹ ባንኩ ላይ ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዳሉ» የሚል ንባብ ሲመጣ «ዓሣ» የሚለው ጎረቤት ይፈርዳል።

ደረጃ 4፦ ከግሱ ኋላ የምትመጣውን ትንሽ ቃል አትዝለሉ

«አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «አውት»፣ «ኦን»፣ «አፍተር»። ተማሪ እነዚህን የማይረቡ አድርጎ ይዘላቸዋል፤ ፍቹን የሚገለብጡት ግን እነሱ ናቸው። «ፑት» ማስቀመጥ ነው። «ፑት ኦን» መልበስ፣ «ፑት አውት» እሳት ማጥፋት፣ «ፑት ኦፍ» ቀጠሮ ማራዘም፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ችሎ መኖር ነው። «ሉክ» ማየት ነው። «ሉክ ፎር» መፈለግ፣ «ሉክ አፍተር» መንከባከብ፣ «ሉክ ዳውን ኦን» መናቅ ነው። «ራን አውት ኦፍ» አለቀበት ነው፤ «ራን ኢንቱ» ሳያስበው ተገናኘው ነው፤ «ራን ፎር» ለምርጫ ተወዳደረ ነው።

ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ለማስረዳት ከ«አለ» የሚሻል የለም። ዝም አለ፣ ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ደስ አለው፣ እምቢ አለ። «ብድግ አለ» ሲባል ማንም «ብድግ የሚል ቃል ተናገረ» ብሎ አይተረጉምም። ሁለቱ ቃላት አንድ ሆነዋል። «ጊቭ አፕ» የሚለውንም «ሰጠ» እና «ወደ ላይ» ብላችሁ አትክፈሉት፤ ተስፋ ቆረጠ ወይም ተወ ነው፣ በቃ። ከእነ ትንሿ ቃል እንደ አንድ ቃል መዝግቡት።

እነዚህ ጥንዶች ራሳቸው ከአንድ በላይ ፍች ሊኖራቸው ይችላል። «ቴክ ኦፍ» አውሮፕላን ከሆነ ተነሣ፣ ጫማ ከሆነ አወለቀ ነው። ያን ጊዜ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ፤ ጎረቤቱ ይነግራችኋል።

ደረጃ 5፦ የየትምህርቱን ፍች ለየብቻ ያዙ

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ የቤት ውስጥ ቃላት የሳይንስ ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። እዚህ ላይ የሚሳሳት ተማሪ ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ትምህርቱንም ይስታል።

ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው «ዎርክ» ነው። በተራው ንግግር ሥራ ነው። በፊዚክስ ግን አንድ ኃይል አንድን ነገር በአቅጣጫው ሲያንቀሳቅስ፣ ኃይሉ በተጓዘው ርቀት ተባዝቶ የሚገኝ መጠን ነው። ደጀን ገበያ ላይ አንድ ወዛደር ኩንታል ጤፍ በትከሻው ይዞ ሳይንቀሳቀስ መኪና ቢጠብቅ ላቡ ይወርዳል፣ ጉልበቱ ይደክማል፤ በፊዚክስ ስሌት ግን በቆመበት ጊዜ በጤፉ ላይ ያከናወነው «ዎርክ» ዜሮ ነው፤ ጤፉ አልተንቀሳቀሰማ። ይህን ያልተነገረው ተማሪ ፈተና ላይ በሰውየው አዝኖ የተሳሳተውን መልስ ይመርጣል።

ሌሎቹን በየትምህርቱ ላስቀምጣቸው። «ሰሉሽን» ሒሳብ ላይ መልስ፣ ኬሚስትሪ ላይ ጨው በውኃ ሲሟሟ የሚገኘው ድብልቅ ፈሳሽ፣ በወሬ ላይ መፍትሔ ነው። «ሩት» ባዮሎጂ ላይ የተክል ሥር ነው፤ ሒሳብ ላይ የ9 «ስኩዌር ሩት» 3 ነው። «ቤዝ» ኬሚስትሪ ላይ የአሲድ ተቃራኒ፣ ጂኦሜትሪ ላይ የቅርጹ ወለል፣ ዜና ላይ የጦር ሰፈር ነው። «ሴል» ባዮሎጂ ላይ ሕዋስ፣ ፊዚክስ ላይ የባትሪ ድንጋይ፣ እስር ቤት ውስጥ ጠባብ ክፍል ነው። «ማስ» በኪሎ ግራም የሚለካ መጠን ነው፤ ብዙኃን ሕዝብም ነው፤ የካቶሊኮች ቅዳሴም ነው። «ሚን» ስታትስቲክስ ላይ አማካይ፣ በንግግር ላይ ማለት፣ ስለ ሰው ጠባይ ከሆነ ክፉ ወይም ስስታም ነው። «ኢንተረስት» የባንክ ወለድ ወይም ዝንባሌ ነው። «ፕሮዳክት» የማባዛት ውጤት ወይም ምርት ነው። «ቮልዩም» የሚይዘው ቦታ፣ የድምፅ መጠን ወይም የመጽሐፍ ቅጽ ነው። «ኖርማል»ን ደግሞ ሁላችንም ደኅና፣ የተለመደ ብለን ስለምናውቀው ያዘናጋል፤ በሒሳብና በፊዚክስ ከአንድ ወለል ጋር 90 ዲግሪ የሚሠራ መስመር ማለት ነው።

በየትምህርቱ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ የዚያን ትምህርት ፍች ብቻ ጻፉ። የፊዚክሱን «ፓወር» ከፊዚክስ ደብተር ጀርባ፣ የሒሳቡን ከሒሳብ ደብተር ጀርባ። አንድ ላይ ከደባለቃችሁት ፈተና ላይም ተደባልቆ ይመጣል።

ደረጃ 6፦ ወደ አማርኛ የገቡትን ቃላት ተጠራጠሩ

ይህ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የተለየ ወጥመድ ነው፤ በእንግሊዝ አገር የተጻፈ መማሪያ አያነሣውም። ቃል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲገባ ብዙ ጊዜ አንዱን ፍች ብቻ ይዞ ይገባል። እኛም ያንን አንዱን ስለለመድነው ቃሉን እናውቀዋለን ብለን እንዘናጋለን።

«ድራፍት» ለእኛ ቢራ ነው፤ እንግሊዝኛ ደብዳቤ ላይ ሲመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ረቂቅ ጽሑፍ ነው። «ፓርቲ» ፖለቲካም ድግስም መሆኑን እናውቃለን፤ ውል ላይ ግን ተዋዋይ ወገን ማለት ነው፣ ውል የሚፈርም ሰው ይህን ማወቅ አለበት። «ባር» መጠጥ ቤት ብቻ አይደለም፤ የብረት ዘንግም፣ የጠበቆች ሙያ ማኅበርም ነው። «ቻርጅ» ስልክ መሙላት ብቻ አይደለም፤ ማስከፈልም ነው፣ ክስም ነው፣ «ኢን ቻርጅ» ከተባለ ደግሞ ኃላፊ ነው። «ባላንስ» በስልካችን ላይ ቀሪ ሒሳብ ነው፤ ሚዛንም፣ ሳይወድቁ መቆምም ነው። «ቦርድ» ጥቁር ሰሌዳም፣ የድርጅት የበላይ አመራርም፣ መሳፈርም ነው። «ኮርስ» ትምህርት ነው፤ የወንዝ መሄጃም ነው፤ «ኦፍ ኮርስ» ከተባለ እንዴታ ነው። «ዲግሪ» ለወላጆቻችን የምረቃ ወረቀት ነው፤ የሙቀትና የማዕዘን መለኪያም ነው። «ቢል» የሆቴል ሒሳብ ነው፤ ዜና ላይ ፓርላማ የቀረበ ረቂቅ ሕግ ነው፤ ስለ ወፍ ንባብ ከሆነ መንቆር ነው።

የሥራ ማስታወቂያ፣ የጤና ጣቢያ ወረቀት፣ ውል ስታነቡ አማርኛ የሚመስል ቃል ባያችሁ ቁጥር ከማታውቁት ቃል ይልቅ እሱን ቆም ብላችሁ መርምሩ።

ደረጃ 7፦ መዝገበ ቃላቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ

አብዛኛው ሰው መዝገበ ቃላት ከፍቶ የመጀመሪያውን ፍች ይዞ ይዘጋል። የመጀመሪያው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተለመደው ፍች ነው፤ እሱን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። የከፈታችሁት ሌላውን ፍለጋ ነውና ወደ ታች ውረዱ። መጀመሪያ ስም ወይስ ግስ የሚለውን ከደረጃ 1 ይዛችሁ የማይመለከታችሁን ክፍል ዝለሉ። ከዚያ ከፍቹ ይልቅ የምሳሌውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፤ የእናንተን ዓረፍተ ነገር የሚመስለውን ስታገኙ ቁሙ። በመጨረሻ ያገኛችሁትን ፍች በቦታው ተክታችሁ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ በሉት። ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ ከሆነ ፍቹ አልተገኘም፤ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚስማማው ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ የዐውድ መዝገበ ቃላት ነው። እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ የአማርኛ አቻውን ከነዐውዱ ይሰጣል። ዕድሜው ስለገፋ የዘመኑ የኮምፒዩተርና የእጅ ስልክ ቃላት የሉበትም፤ ለ«ጌት» እና ለ«ቴክ» ግን ዛሬም ይሠራል። በቤተ መጻሕፍት ካገኛችሁት ሳትቸኩሉ ተቀመጡበት።

በስልክ መተርጐሚያ የምትጠቀሙ ከሆነ ቃሉን ለብቻው አትስጡት። ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ስጡት። ጎረቤት ያልተሰጠው ማሽን ልክ እንደ ተማሪው የለመደውን ፍች ያወጣል።

ደረጃ 8፦ በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ዝሩት

ለአንድ ቃል አንድ ገጽ ስጡ። መሐል ላይ ቃሉን፣ ከሥሩ የሚያገናኘውን ሐሳብ በአማርኛ፣ ከዚያ ባገኛችሁት ቁጥር አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር። ዓረፍተ ነገሩ ከአካባቢያችሁ ይሁን፤ ስለ ለንደን ባቡር የተጻፈ ምሳሌ ቶሎ ይረሳል። «የአክስቴ ባል ቡሬ ላይ ወፍጮ ቤት ያስተዳድራል» የሚለውን በ«ራን» ጻፉት። «ወፍጮው ዛሬ አይሠራም» የሚለውንም በ«ራን» ጻፉት። «ነዳጁ አለቀበት» የሚለውን በ«ራን አውት ኦፍ»። ሦስት ፍች፣ አንድ ወፍጮ ቤት፤ እንዲህ የተያዘ ቃል አይጠፋም።

ገጹን በአንድ ቀን ለመሙላት አትሞክሩ። ፍች ሲያጋጥማችሁ ብቻ ጨምሩ። ያላጋጠማችሁን ፍች ከመዝገበ ቃላት ገልብጦ መሙላት ገጹን ያሳምራል እንጂ አያስተምርም።

ለመምህራን አንድ ነገር ልጨምር። ክፍላችሁ በተማሪ የተጨናነቀ፣ መጽሐፉ ለሁሉም የማይደርስ ቢሆንም ይህ ሥራ ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ይበቃዋል። ተማሪ «ቲቸር፣ ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ሲል ወዲያው አትመልሱለት፤ «ከጎኑ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሰኞ አንድ ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፉና ሳምንቱን ሙሉ ልጆቹ ከሌላው ትምህርት መጽሐፍ ያገኙትን ፍች ይዘው ይምጡ። የፊዚክሱና የባዮሎጂው መምህር ቢተባበሩ ደግሞ ልጁ እጥፍ ያተርፋል።

ፈተና ላይ

አንቀጽ ተሰጥቶ «የተሰመረበት ቃል በአንቀጹ ውስጥ ምን ማለት ነው?» ሲባል ምርጫዎቹን ቀድማችሁ አትዩ። ቃሉን በጣታችሁ ሸፍኑት። ዓረፍተ ነገሩን ከነክፍተቱ አንብቡና ክፍተቱን በአማርኛ ቃል ሙሉት። ከዚያ ወደ ምርጫዎቹ ሄዳችሁ የእናንተን የሚመስለውን ፈልጉ። ከምርጫዎቹ አንዱ የቃሉ የታወቀው ፍች ከሆነ በተለይ ተጠንቀቁት፤ በጥያቄው የተሰመረበት ቃል የለመዳችሁት ከሆነ ፈታኙ የፈለገው ብዙውን ጊዜ ሌላውን ነውና። በአንቀጹ ውስጥ የሚገጥመው እሱው ሆኖ ካገኛችሁትም ምረጡት።

በየትኞቹ ትጀምሩ?

መጀመሪያ ግሶቹን፦ «ጌት»፣ «ቴክ»፣ «ፑት»፣ «ራን»፣ «ሜክ»፣ «ሉክ»፣ «ኪፕ»፣ «ተርን»። እነዚህ ስምንቱ ከእነ ትንንሽ ቃሎቻቸው ብዙ ወራት ይይዛሉ፤ አትቸኩሉ። ጎን ለጎን ከምትማሩት ትምህርት አንድ አንድ ስም ጨምሩ፤ ዘጠነኛ ክፍል ከሆናችሁ «ፓወር»፣ «ዎርክ»፣ «ሩት»፣ «ቤዝ»፣ «ሰሉሽን»። ንግድ ወይም ቢሮ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ «ቻርጅ»፣ «ባላንስ»፣ «ኢንተረስት»፣ «ድራፍት»፣ «ፓርቲ»። ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ላይ «ጌት» ብላችሁ ጻፉና ነገ በምታነቡት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ፈልጉት፤ ሲገኝ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ጨምራችሁ ገልብጡት።